የኃይል ሽቦና የምልክት ሽቦ በአንድ ግድግዳ ውስጥ

ከደብረ ብርሃን ተነሥቶ ወደ አዲስ አበባ 20 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ መንገደኛ ጫጫን ያገኛል። ጫጫ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,700 ሜትር በሚበልጥ የደጋ ሜዳ ላይ የተመሠረተች፣ ብርዷ የሚያንዘፈዝፍ፣ የክረምት መብረቋም የሚያስፈራ ከተማ ናት። በዚህች ከተማ የሚገኝ አንድ እድር ከአባላቱ መዋጮ ለዓመታት ቆጥቦ የመሰብሰቢያ አዳራሽ አሠራ። አዳራሹ የብሎኬት ግድግዳና የቆርቆሮ ክዳን ያለው ሲሆን ከመድረኩ ጀርባ የኤሌክትሪክ ምጣድ የተተከለበት ማድ ቤት ተያይዞለታል። የመብራቱን መስመር አንድ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ዘርግቶ ሒሳቡን ተቀብሎ ሄደ። ግድግዳው ተለሰነ፤ ቀለም ተቀባ። ከጥቂት ወራት በኋላ ደግሞ ሞንታርቦ፣ ካሜራና ዲሽ የሚገጥም ሌላ ባለሙያ መጥቶ የበኩሉን ሠራ። ሁለቱ ሰዎች በሥራው ጊዜ አንድም ቀን አልተገናኙም።

በመጀመሪያው ጠቅላላ ስብሰባ ማይክራፎኑ ሲከፈት ከሞንታርቦው የወጣው የሰብሳቢው ድምፅ ብቻ አልነበረም። ዝቅ ያለ፣ የማይቋረጥ ጉምጉምታ አብሮ ወጣ። ማድ ቤት ውስጥ ምጣዱ በተጣደ ቁጥር ጉምጉምታው ይበረታ ነበር። የድምፅ ባለሙያው ተጠርቶ መጣና ከማጉያው መሰኪያ ላይ አንዲት ሽቦ በፒንሳ ቆረጠ። ጉምጉምታው በእጅጉ ቀነሰ፤ ሰውም ተደሰተ። በነሐሴ ወር ግን አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከባድ ነጎድጓድ ወረደና የዲሹ ሪሲቨር፣ የካሜራው መቅጃና ማጉያው በአንድ ቅጽበት ተቃጠሉ። አዳራሹን ግን መብረቅ አልመታውም ነበር።

የእድሩ ዳኛ የሩቅ ዘመዴ ስለሆኑ ‹‹ልጄ፣ አንተ ያስተማሩህ ይህንኑ አይደለምን? እስቲ መጥተህ እይልን›› ብለው አስጠሩኝ። ሄጄ ያየሁት ነገር ለዚህ ጽሑፍ መነሻ ሆነ። ሁለቱም ባለሙያዎች በየሙያቸው ሲመዘኑ ሰነፎች አልነበሩም። ስሕተቱ የተሠራው በሁለቱ ሥራ መካከል በቀረው፣ ማንም የእኔ ነው ባላለው ክፍተት ውስጥ ነው። ይህ ክፍተት ለምን አደገኛ እንደሚሆንና እንዴት እንደሚዘጋ ለመረዳት ደግሞ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የምንማረው ፊዚክስ በቂ ነው።

‹‹ዝቅተኛ ቮልቴጅ›› ማለት ምን ማለት ነው?

አስቀድመን ከስሙ እንጀምር። በገበያ ላይ የስልክ፣ የኔትወርክ፣ የካሜራ፣ የዲሽና የድምፅ መስመር በጅምላ ‹‹ዝቅተኛ ቮልቴጅ›› ይባላል። በዓለም አቀፉ የኤሌክትሮቴክኒክ ደንብ መሠረት ግን እስከ 1,000 ቮልት የሚደርስ ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ሁሉ ዝቅተኛ ቮልቴጅ ነው። ስለዚህ ወደ ቤታችን የሚገባው 220 ቮልት ራሱ ‹‹ዝቅተኛ›› ከሚባለው ወገን ነው። ከ50 ቮልት በታች ያለው ተለዋዋጭና ከ120 ቮልት በታች ያለው ቀጥተኛ ኤሌክትሪክ ደግሞ ‹‹እጅግ ዝቅተኛ›› ተብሎ ይለያል። በዚህ ጽሑፍ ግርታን ለማስወገድ የመጀመሪያውን የኃይል ሽቦ፣ ሁለተኛውን የምልክት ሽቦ እንለዋለን።

የምልክት ሽቦዎች እርስ በርሳቸውም አንድ አይደሉም። በቴሌፎን መስመር ላይ የሚገኘው ቀጥተኛ ቮልቴጅ 48 ያህል ነው፤ ስልኩ ሲጠራ ግን ከ75 እስከ 90 ቮልት የሚደርስ ተለዋዋጭ ኤሌክትሪክ ይታከልበታል። ሪሲቨር ወደ ዲሹ ዐይን የሚልከው 13 ወይም 18 ቮልት ነው። አብዛኞቹ ትንንሽ ካሜራዎች በ12 ቮልት ይሠራሉ። በትልልቅ አዳራሾችና በጣቢያዎች የሚዘረጉ አንዳንድ የድምፅ ማጉያ መስመሮች እስከ 100 ቮልት ስለሚደርሱ ‹‹የምልክት ሽቦ አይነዝርም›› የሚለው እምነት ሁልጊዜ እውነት አይደለም። በሌላው ጫፍ ከማይክራፎን የሚወጣው ምልክት ጥቂት ሚሊቮልት፣ ማለትም የቮልት ጥቂት ሺኛ ብቻ ነው። 2 ሚሊቮልት ብንወስድ የኃይሉ ሽቦ ከእርሱ 110,000 ጊዜ ይበልጣል። ሁለቱን በአንድ ቱቦ ውስጥ ማጎራበት ሹክሹክታን ከነጎድጓድ አጠገብ ማስቀመጥ ነው።

ሁለቱ ሙያዎች እንዴት ተለያዩ?

ስልክን ወደ ሀገራችን ያስገቡት ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1836 ዓ.ም. የተወለዱት ከጫጫ ብዙም በማይርቀው በአንጎለላ ነው። በዘመናቸው፣ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ ሐረርን ከአዲስ አበባ ያገናኘው የስልክና የቴሌግራፍ መስመር 477 ኪሎ ሜትር ይረዝም ነበር። በዚያ ረጅም መንገድ ላይ ለስልኩ ሽቦ ጎረቤት የሚሆን የኃይል መስመር አልነበረም። የምልክት ሽቦ በሀገራችን ገጠር የተዘረጋው ብቻውን ነው።

በአውሮፓና በአሜሪካ ከተሞች ግን ነገሩ ሌላ ነበር። በ1880ዎቹና በ1890ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የኤሌክትሪክ መብራትና ባቡር ሲስፋፉ በአንድ ሽቦና በመሬት መመለሻ ይሠሩ የነበሩ ስልኮች በጩኸት ተሞሉ። መፍትሔው ሁለት ሽቦ ዘርግቶ እርስ በርስ መጠምዘዝ ሆነ። አሌክሳንደር ግራሃም ቤል ይህን ሐሳብ በ1881 (እ.ኤ.አ.) በፈጠራ መብት አስመዝግቧል። ዛሬ በኔትወርክ ገመድ ውስጥ ጥንድ ጥንድ ሆነው ተጠምዝዘው የምናያቸው አራት ጥንድ ክሮች የዚያ ሐሳብ ልጆች ናቸው።

በእኛ ሀገር ሁለቱ ሽቦዎች በብዛት በአንድ ጣሪያ ሥር መገናኘት የጀመሩት ዘግይተው ነው። ለብዙ አንባብያን የቅርብ ትዝታ የሚሆነው ከ1997 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት ይተላለፍ የነበረው የፕላዝማ ትምህርት ነው። ጣሪያ ላይ ዲሽ፣ በየክፍሉ ቴሌቪዥን፣ ከሁሉም ጋር የሚገናኝ የምልክት ገመድና የኃይል ሶኬት ያስፈልግ ነበር። ከዚያ ወዲህ ኢንተርኔትና ካሜራ ወደ ወረዳ ከተሞች ሱቅና መኖሪያ ቤት ሳይቀር ገብተዋል።

ሥልጠናው ግን ተለያይቶ ቆየ። በቴክኒክና ሙያ ተቋሞቻችን የሕንፃ ኤሌክትሪክ ዝርጋታ በኮንስትራክሽን ዘርፍ፣ የሃርድዌርና ኔትወርክ አገልግሎት ደግሞ በኢንፎርሜሽን ቴክኖሎጂ ዘርፍ ሥር የተመደቡ ሙያዎች ሆነው ኖረዋል። አንደኛው ስለ ብሬከርና ስለ ሽቦ ውፍረት፣ ሁለተኛው ስለ አድራሻና ስለ መረጃ ፍጥነት ይማራል። ግድግዳው ግን አንድ ነው። መግነጢሳዊ መስክም የትምህርት ክፍል ድንበር አያውቅም።

ጉምጉምታው ከየት መጣ?

ማይክል ፋራዴይ በ1831 (እ.ኤ.አ.) እንዳሳየው፣ በአንድ የሽቦ ቀለበት ውስጥ የሚያልፈው መግነጢሳዊ ፍሰት ሲለዋወጥ በቀለበቱ ውስጥ ቮልቴጅ ይፈጠራል። በሀገራችን የኃይል መስመር ላይ ያለው ጅረት በሰከንድ 50 ጊዜ ዑደቱን ይደግማል፤ በዙሪያው የሚፈጥረው መስክም አብሮ ይለዋወጣል። ከማይክራፎን ወደ ማጉያ የሚሄዱት ሁለት ክሮች ደግሞ ረጅምና ጠባብ ቀለበት ይሠራሉ። ይህ ቀለበት በኃይል ሽቦ አጠገብ ሲተኛ ሳንፈልገው ትንሽ ትራንስፎርመር ሠራን ማለት ነው።

በአዳራሹ ውስጥ የድምፅ ባለሙያው የተለሰነውን ግድግዳ ላለመሰርሰር ብሎ የማይክራፎኑን መስመር ወደ ምጣዱ በሚሄደው የኃይል ቱቦ ውስጥ አስገብቶት ነበር። የተጠቀመበትም ያልተጠመዘዘ ተራ ባለ ሁለት ክር ሽቦ ነው። እስቲ እናስላው። ምጣዱ 3,500 ዋት ቢሆን በ220 ቮልት 16 አምፔር ያህል ይስባል። ሁለቱ መስመሮች 20 ሜትር አብረው ሄደዋል እንበል፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት 2 ሴንቲ ሜትር፣ በየጥንዱ ክሮች መካከል ያለው ደግሞ ግማሽ ሴንቲ ሜትር ይሁን። በምጣዱ ሽቦ ውስጥ መሄጃውና መመለሻው ጎን ለጎን ስለሆኑ መስካቸው በከፊል ይሻሻራል። የቀረው ግን በማይክራፎኑ መስመር ላይ 0.8 ሚሊቮልት ያህል ይፈጥራል። ማይክራፎኑ ራሱ የሚሰጠው 2 ሚሊቮልት ከሆነ ማጉያው ሁለቱንም እኩል እያባዛ ያወጣቸዋል። ምጣዱ ሲጣድ ጉምጉምታው የሚበረታበት ምክንያት ይህ ነው።

አሁን ደግሞ መስመሮቹን 30 ሴንቲ ሜትር እናራርቃቸው። በዚያው ስሌት የሚገኘው ቮልቴጅ ወደ 0.005 ሚሊቮልት ይወርዳል። ርቀቱ 15 ጊዜ ሲጨምር ጣልቃ ገቡ ቮልቴጅ 150 ጊዜ ያህል ቀነሰ ማለት ነው። የምልክት ሽቦ ከኃይል ሽቦ ጋር ጎን ለጎን ሲሄድ ከ20 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር እንዲርቅ ባለሙያዎች የሚመክሩት ያለ ምክንያት አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ያስፈልጋል። አንዳንድ ሠራተኛ ሽቦ ለመቆጠብ ሲል ፌዙን ከአንድ መስመር፣ ኒውትራሉን ከሌላ መስመር ‹‹ይዋሳል››። ያን ጊዜ መሄጃውና መመለሻው በተለያየ ግድግዳ ስለሚያልፉ የሚሻሻር መስክ አይኖርም። ከላይ ያየነው 0.8 ሚሊቮልት ወደ 4.5 ሚሊቮልት ያድጋል፤ ጣልቃ ገቡም ከድምፁ ይበልጣል። የኃይል ሠራተኛው ይህን ሲያደርግ አምፖሉ በደንብ ይበራለታል፤ ችግሩ የሚገለጠው ከእርሱ በኋላ በሚመጣው ባለሙያ ሥራ ላይ ነው።

መጠምዘዝስ ምን ይጠቅማል? ጥንዱ በተጠማዘዘ ቁጥር ረጅሙ ቀለበት ወደ ብዙ ትንንሽ ቀለበቶች ይከፋፈላል። የአንዱ ቮልቴጅ አቅጣጫ ወደ ቀኝ ከሆነ የቀጣዩ ወደ ግራ ይሆንና ሁለቱ ይጠፋፋሉ። በ20 ሜትር ውስጥ 800 ትንንሽ ቀለበቶች ቢኖሩ፣ ጠመዝማዛው ፍጹም እኩል ከሆነ፣ ሳይጣፋ የሚቀረው ቢበዛ የአንዱ ድርሻ ነው። የኔትወርክ ገመድ ጫፍ ላይ ጠመዝማዛው ከ13 ሚሊ ሜትር በላይ እንዳይፈታ የሚባለውም ለዚህ ነው።

መስመሮቹ መቋረጥ ካለባቸው ደግሞ በቀጥተኛ ማዕዘን፣ በ90 ዲግሪ ይሻገሩ። በዚህ አቀማመጥ ከመሻገሪያው በአንዱ ወገን የሚያልፈው ፍሰት በሌላው ወገን ከሚያልፈው ጋር ተቃራኒ ስለሚሆን ድምሩ ዜሮ ይሆናል። መራራቅ፣ መጠምዘዝና በቀጥተኛ ማዕዘን መሻገር ማንኛውም ባለሙያ በሜትርና በዐይን ሊፈጽማቸው የሚችሉ ናቸው። ሆኖም መራራቅም ሆነ መሻገር የሚቻለው የሌላው ሽቦ በየት እንዳለፈ የሚያውቅ ሰው ሲኖር ብቻ ነው። ልስን ከተደረገ በኋላ ይህን የሚያውቅ አይገኝም።

የተቆረጠችው ሽቦ

የጉምጉምታው ሌላ ምንጭ የመሬት ሽቦው ነበር። ማጉያው መድረክ ላይ ካለው ሶኬት፣ የድምፅ መቀላቀያው ደግሞ ከአዳራሹ ኋላ ካለ ሌላ ሶኬት ኃይል ያገኙ ነበር። ሁለቱም መሣሪያዎች የብረት አካላቸው በየሶኬታቸው በኩል ከመሬት ጋር ተገናኝቷል። በመካከላቸው የተዘረጋው የድምፅ ገመድ መከለያ ሽቦም ሁለቱን ያገናኛቸዋል። በዚህ መንገድ ትልቅ የተዘጋ ክብ ተፈጠረ። በሁለቱ ሶኬቶች የመሬት ሽቦ መካከል 50 ሚሊቮልት ብቻ ልዩነት ቢኖር እንኳ በመከለያው ውስጥ ጅረት ይፈስሳል፤ ይህም ልዩነት ከማይክራፎኑ ምልክት 25 ጊዜ ይበልጣል።

የድምፅ ባለሙያው ክቡን ለመስበር የማጉያውን የመሬት ሽቦ ቆረጠ። ክቡ ተሰበረ፤ ጉምጉምታውም ቀነሰ። በምልክት ሙያ ዐይን ሲታይ ችግሩ ተፈትቷል። አረንጓዴና ቢጫ ቀለም ያላት ያች ሽቦ እዚያ የተቀመጠችበትን ምክንያት ግን ማንም አልነገረውም። በማጉያው ውስጥ ፌዙ ከቦታው ወጥቶ የብረቱን አካል ቢነካ ከፍተኛ ጅረት በመሬት ሽቦው በኩል ፈስሶ ብሬከሩን ይጥለዋል። ሽቦዋ ከሌለች ግን ብሬከሩ ምንም አያውቅም። የማጉያው አካል፣ በገመዱ መከለያ በኩልም በተናጋሪው እጅ ያለው ማይክራፎን፣ 220 ቮልት ተሸክመው ይቀመጣሉ። የሰው አካል ተቃውሞ በግምት 2,000 ኦም ቢሆን በሰውየው ውስጥ የሚያልፈው ጅረት 110 ሚሊአምፔር ይሆናል። ከ50 ሚሊአምፔር በላይ የሆነ ጅረት ለአንድ ሰከንድ ያህል በደረት በኩል ካለፈ የልብን ምት ሊያዛባና ሊገድል ይችላል። በዚያ አዳራሽ ለወራት ማይክራፎን የያዙት ሽማግሌዎች ሁሉ የቆሙት በዚህ አደጋ ላይ ነበር።

ትክክለኛው መፍትሔ ሌላ ነው። በገመድ የተገናኙ መሣሪያዎች ሁሉ ከአንድ የኃይል መስመርና ከአንድ የሶኬት ቡድን ይመገቡ። ይህ ካልተቻለ ክቡን በድምፅ ትራንስፎርመር ወይም በሚዛናዊ ባለ ሦስት ክር ገመድ፣ በምልክቱ በኩል መስበር ይቻላል። የመሬት ሽቦ በምንም ምክንያት አይቆረጥም። ከዚህ በተጨማሪ ከ30 ሚሊአምፔር በላይ ወደ መሬት የሚያፈተልክ ጅረት ሲያገኝ በፍጥነት የሚቆርጥ መከላከያ በማከፋፈያ ሰሌዳው ላይ መግጠም ሕይወት ያተርፋል። የድምፅ ባለሙያው ‹‹መድረክ ላይም ከኋላም መሣሪያ ይኖረኛል›› ብሎ አስቀድሞ ቢናገር ኖሮ የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ሁለቱንም ሶኬቶች ከአንድ መስመር ለማውጣት የሚያስፈልገው ጥቂት ሜትር ተጨማሪ ሽቦ ብቻ ነበር።

ሁለት ዘንግ፣ አንድ መብረቅ

አሁን ወደ ነሐሴው ነጎድጓድ እንመለስ። የኤሌክትሪክ ሠራተኛው በቆጣሪው አጠገብ አንድ የመሬት ዘንግ ቀብሮ ነበር። የዲሹ ባለሙያም ሙያው እንደሚያዝዘው የዲሹን ምሰሶ ከመሬት ለማገናኘት በአዳራሹ ማዶ ሌላ ዘንግ ቀበረ። ሁለቱም ትክክል ሠሩ። ሁለቱ ዘንጎች ግን እርስ በርስ አልተገናኙም።

አንድ መካከለኛ መብረቅ 30,000 አምፔር ያህል ይሸከማል። ሕንፃውን ሳይመታ ራቅ ብሎ በኃይል መስመሩ ላይ ቢያርፍና ከዚያ ውስጥ 1,000 አምፔሩ ብቻ ወደ ቆጣሪው ዘንግ ቢደርስ፣ የዘንጉ ተቃውሞ 10 ኦም ከሆነ፣ ዘንጉና ከእርሱ ጋር የተያያዘው ሁሉ ለቅጽበት ወደ 10,000 ቮልት ይወጣል። በማዶ ያለው የዲሹ ዘንግ ግን በዜሮ አካባቢ ይቆያል። በሁለቱ መካከል ያለው ድልድይ ሪሲቨሩ ነው፤ በአንድ በኩል ከሶኬት፣ በሌላ በኩል ከዲሹ ገመድ ጋር ተገናኝቷል። ከእርሱ ጋር በገመድ የተያያዙት መቅጃውና ማጉያውም አብረው ተበሉ። ‹‹መሬት›› የሚለው ቃል ሁልጊዜ ዜሮ ቮልት የሆነ አንድ ነገር ይመስለናል። በመብረቅ ጊዜ ግን 15 ሜትር የተራራቁ ሁለት የመሬት ነጥቦች ሁለት የተለያዩ ዓለማት ናቸው።

የአካባቢው አፈር ጉዳዩን ያከብደዋል። በደጋማው ሜዳ የሚገኘው ጥቁር አፈር በክረምት ውኃ ይዞ ኤሌክትሪክን በደንብ ያስተላልፋል፤ በበጋ ግን ደርቆ ይሰነጠቃል፤ የዘንጉም ተቃውሞ ይጨምራል። አለቱ ከላይ በሆነበት ቦታ ደግሞ ዘንጉ ወደ ጥልቀት አይገባም። ስለዚህ ተቃውሞው የሚለካው በደረቁ ወራት መሆን አለበት።

መፍትሔው ሁለቱን ዘንጎች በወፍራም የመዳብ ሽቦ ማገናኘት ነው። ያን ጊዜ ሕንፃው በሙሉ አብሮ ከፍ፣ አብሮ ዝቅ ይላል፤ በመሣሪያው ሁለት ወገኖች መካከል የሚኖረው ልዩነት ያንሳል። የማገናኛው ርዝመት ግን ወሳኝ ነው። ማንኛውም ቀጥ ያለ ሽቦ በየሜትሩ 1 ማይክሮሄንሪ ያህል ኢንደክታንስ አለው። ጅረቱ በአንድ ማይክሮሰከንድ ውስጥ ወደ 1,000 አምፔር ቢያድግ በ10 ሜትር ማገናኛ ላይ ብቻ እንደገና 10,000 ቮልት ይፈጠራል። ስለዚህ ከሁሉ የሚሻለው የኃይሉ፣ የስልኩና የዲሹ ገመድ በሕንፃው አንድ ወገን፣ እርስ በርስ ተቀራርበው እንዲገቡና እዚያው በአጭር ሽቦ ከአንድ የመሬት ነጥብ ጋር እንዲያያዙ ማድረግ ነው። የድንገተኛ ቮልቴጅ መከላከያም የሚገጠመው በዚያው ነጥብ ነው። ይህ ውሳኔ የኤሌክትሪክ ሠራተኛው ብቻ ወይም የዲሹ ባለሙያ ብቻ ሊወስነው የሚችል አይደለም። መሠረት ሲወጣ ሁለቱ ተነጋግረው የሚወስኑት ነው።

የመስተዋት ክር፣ ማለትም ፋይበር፣ በስፋት ሲዘረጋ ይህ ችግር ይቀንሳል። ብርሃን ተሸካሚው ክር ከኃይል ሽቦ ጣልቃ ገብነት አይቀበልም፤ መብረቅንም በራሱ አያስተላልፍም። ነገር ግን የፋይበሩ መቀበያ ሣጥን ራሱ በ220 ቮልት ሶኬት ላይ የሚሰካ፣ ከእርሱም የመዳብ ገመድ የሚወጣ ስለሆነ የሁለቱ ባለሙያዎች ጉዳይ አብሮ ይቀጥላል።

ማን መቼ ምን ይሥራ?

ከዚህ ሁሉ የሚገኘው የሥራ ቅደም ተከተል ቀላል ነው። ግድግዳ ከመቆሙ በፊት ሁለቱም ባለሙያዎች በአንድ ወረቀት ላይ፣ በሁለት ቀለም፣ መስመራቸውን ይሳሉ። በዚህ ወረቀት ላይ የእያንዳንዱ መሣሪያ ቦታና የሚያስፈልገው ሶኬት ይመለከትበታል። ለምሳሌ አንድ ካሜራ ግማሽ አምፔር በ12 ቮልት ይፈልግ፤ ኃይሉም በ50 ሜትር ርዝመት፣ 0.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው የመዳብ ጥንድ ይላክለት። የሽቦው ተቃውሞ ደርሶ መልስ 3.5 ኦም ስለሆነ 1.75 ቮልት በመንገድ ይቀራል፤ ካሜራው የሚያገኘው 10.25 ቮልት ብቻ ነው። ከመዳብ ይልቅ በመዳብ የተለበጠ አሉሚኒየም ከተገዛ ኪሳራው ይብሳል። ያንኑ 6 ዋት በ220 ቮልት ብንልከው ግን በዚያው ሽቦ ተቃውሞ ላይ የሚጠፋው 0.1 ቮልት ያህል ነው። እንግዲህ በካሜራው አቅራቢያ አንድ ሶኬት ቢኖር ኖሮ የሚያሰኘው ጥያቄ መነሣት ያለበት በወረቀቱ ላይ እንጂ በመሰላል ላይ አይደለም።

ቀጥሎ፣ ብሎኬቱ ከተገነባ በኋላና ከልስን በፊት፣ የሁለቱም ቱቦዎች በየራሳቸው ይቀበራሉ። በመጀመሪያ የኃይሉ ቱቦ ቦታውን ይይዛል፤ የምልክቱ ቱቦ እርሱን አይቶ ርቀቱን ጠብቆ ይሄዳል። የኃይልና የምልክት ሽቦ በአንድ ቱቦ ወይም በአንድ ማገናኛ ሣጥን ውስጥ አይገናኙም። የምልክት ሽቦ ልባስ በአብዛኛው 220 ቮልትን ለመቋቋም የተሠራ ስላልሆነ አንዲት የተላጠች ቦታ የኃይሉን ቮልቴጅ ወደ ኮምፒዩተሩና ወደ ሰው እጅ ታመጣለች። ለወደፊቱ የሚሆን አንድ ሁለት ባዶ ቱቦ፣ በውስጡ መጎተቻ ሲባጎ ተደርጎበት መተው ደግሞ ወጪው ትንሽ፣ ጥቅሙ ብዙ ነው።

ከዚያም ቱቦዎቹ በልስን ከመሸፈናቸው በፊት ሜትር ከግድግዳው ጋር ተያይዞ በስልክ ፎቶ ይነሣ። ይህ ፎቶ ከዓመታት በኋላ ግድግዳ የሚሰረስረውን ሰው ሕይወት ሊያድን ይችላል። የኃይል ሽቦ ተጎትቶና ተፈትሾ ካለቀ በኋላ ስስ የሆነው የምልክት ገመድ በመጨረሻ ይገባል። የኔትወርክ ገመድ በኃይል ሲጎተት ወይም ከውፍረቱ አራት እጥፍ ባነሰ ጥምዝ ሲታጠፍ የጥንዶቹ ጠመዝማዛ ይበላሻል፤ ስለዚህ ሻካራው ሥራ ሁሉ ካለፈ በኋላ መግባቱ ይጠቅመዋል። በመጨረሻም የመሬት ነጥቡን ሁለቱም ባለሙያዎች ባሉበት ለክቶ መፈራረም ያስፈልጋል። በትልልቅ ሕንፃዎች ይህን የሚያስተባብር መሐንዲስ አለ። በወረዳ ከተማ በሚሠራ ቤት ግን አስተባባሪው ባለቤቱ ወይም ፎርማኑ ነው፤ ከእርሱ የሚፈለገውም ሁለቱን ሰዎች በአንድ ቀን፣ በአንድ ግድግዳ ፊት ማቆም ብቻ ነው።

በጫጫው አዳራሽ ሳይቃጠል በቅጠል የሚባልበት ጊዜ አልፎ ነበር። ቢሆንም ሁለቱን ባለሙያዎች ጠርተን ቀኑን ሙሉ አብረን ዋልን። የተቆረጠችው የመሬት ሽቦ ተመልሳ ተገናኘች። የማይክራፎኑ መስመር ከምጣዱ ቱቦ ወጥቶ በተጠማዘዘና መከለያ ባለው ገመድ ተተካ፤ በሌላኛው ግድግዳ ላይም በፕላስቲክ ቦይ ውስጥ ተዘረጋ። የድምፅ መሣሪያዎቹ ሁሉ ከአንድ መስመር እንዲመገቡ ተደረገ። የዲሹ ገመድ በቆጣሪው ወገን እንዲገባ ሆነና ከኃይሉ የመሬት ነጥብ ጋር በአጭር ወፍራም ሽቦ ተያያዘ። ማምሻውን ምጣዱ ተጥዶ ማይክራፎኑ ሲከፈት ጉምጉምታ አልተሰማም።

የተቃጠሉትን ዕቃዎች ለመተካት ግን እድሩ እንደገና መዋጮ ጣለ። ዳኛው የሒሳቡን ወረቀት አጥፈው ወደ ኪሳቸው እየከተቱ ‹‹ልስኑ ሳይለሰን ሁለቱን ጠርቼ ሻይ ባጠጣቸው ኖሮ ይህ ሁሉ ባልመጣ›› አሉ። የዚህ ጽሑፍ ፊዚክስ ሁሉ ቢጨመቅ ከዚህ የሚያልፍ ምክር አይወጣውም።